የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ በዝግታ የሚሞላው ለምንድን ነው?

የልብስ ማጠቢያ ማሽን የውሃ ችግር ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ መጀመሪያ ይዘገያል። በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ፕሮግራም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ቀሪውን ደቂቃ የሚያሳየው ቁጥር ባለበት ይቆያል፤ ውሃ ሲገባ ይሰማ የነበረው ኃይለኛ ድምፅ ወደ ቀጭን ፉጨት ይለወጣል፤ በመጨረሻም ማሽኑ የስህተት ኮድ አሳይቶ ሥራውን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ግምት «የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ተበላሽቷል» የሚል ነው፤ ይሁን እንጂ አዲስ ቫልቭ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላም ማሽኑ እንደቀድሞው የሚዘገይበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ውሃው ቫልቩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሊታነቅባቸው የሚችሉ ብዙ ቦታዎች ስላሉ፣ ከመፍታትና ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። መለኪያውም አንድ ባልዲና አንድ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው።

ማሽኑ ውሃ የሚወስደው እንዴት ነው?

ውሃው ከግድግዳው ቧንቧ ተነስቶ በመግቢያ ጎማው በኩል ወደ ማሽኑ ጀርባ ይደርሳል። እዚያ ጎማው ከሚታሰርበት አፍ ውስጥ አሸዋና ዝገት የምትይዝ ትንሽ ወንፊት አለች። ከወንፊቷ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚከፈተውና የሚዘጋው ቫልቭ ይገኛል። ቫልቩን ያለፈው ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ሳሙና መሳቢያው ይወጣና ሳሙናውን አጥቦ ልብሱ ወዳለበት ገንዳ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቫልቩ እንዴት እንደሚከፈት ነው። በቫልቩ ውስጥ ውሃውን የሚያግድ ክብ የላስቲክ ሽፋን አለ። ሽፋኑ መሃሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ፣ ወደ ጠርዙ ደግሞ ከእርሷ የጠበበች ሌላ ቀዳዳ አለችው። የመሃሏን ቀዳዳ በጸደይ የሚገፋ ትንሽ የብረት ዘንግ ደፍኗት ይቆያል። ኤሌክትሪክ በጥቅልል ሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ማግኔት ይሆንና ዘንጉን ወደ ላይ ይስበዋል። ያን ጊዜ ከሽፋኑ በላይ ታምቆ የነበረው ውሃ በመሃሏ ቀዳዳ ይፈሳል፤ ከላይ የነበረው ግፊት ይቀንሳል፤ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃም ሽፋኑን ከታች ገፍቶ ያነሳዋል። በሌላ አነጋገር ኤሌክትሪኩ የሚከፍተው ትንሿን ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ ትልቁን በር የሚከፍተው የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለሚነሱት ብዙ ጉዳዮች ቁልፍ ነው፤ ግፊቱ ደካማ ከሆነ ውሃው በዝግታ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ቫልቩም በሚገባ አይከፈትም፤ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል ማለት ነው።

ማሽኑ ውሃው መብቃቱን የሚያውቀው ደግሞ በአየር ነው። ከገንዳው ሥር የተያያዘ ቀጭን ቱቦ ውስጥ የታመቀው አየር ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር እየተጨመቀ ደረጃ መለኪያውን ይገፋዋል፤ የተፈለገው ደረጃ እስኪደረስ ድረስም ፕሮግራሙ ወደሚቀጥለው ሥራ አይሸጋገርም። ውሃ ማሞቂያውም በቂ ውሃ ሳይኖር እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ውሃው ዝግ ሲል ሰዓቱ የሚቆመው ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ለመሙላት የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ገደቡ ሲያልፍ ኤልጂ በብዙ ሞዴሎቹ «አይ ኢ»፣ ሳምሰንግ ደግሞ «4ሲ» ወይም «4ኢ» የሚል ኮድ ያሳያሉ። ኮዱ የሚናገረው ውሃው በጊዜው አለመድረሱን እንጂ የተበላሸው ዕቃ የትኛው እንደሆነ አይደለም።

መዘግየቱ እውነተኛ ነው ወይስ የማሽኑ አሠራር?

ከላይ የሚከፈት ማሽኑን ወደ ጎን በሚከፈት የተካ ሰው ይህን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ከላይ የሚከፈተው ልብሱን በውሃ ውስጥ ስለሚያንሳፍፍ በአንድ ጊዜ ብዙ አሥር ሊትሮችን ያለማቋረጥ ይቀበላል። ወደ ጎን የሚከፈተው ግን ጥቂት ውሃ ያስገባል፣ ከበሮውን አዙሮ ልብሱ ውሃውን እንዲመጥ ያደርጋል፣ ደረጃውን ይለካል፣ ከዚያም እንደገና ጥቂት ይጨምራል። ውሃው እየገባ እየቆመ፣ በመስታወቱ በኩል ሲታይም እጅግ ጥቂት መስሎ መታየቱ ጤናማ አሠራር ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ውሃው በሚገባበት ቅጽበት የሚሰማው ድምፅ መቅጠኑ፣ ወይም ያው ፕሮግራም በያው የልብስ መጠን ከቀድሞው በግልጽ መርዘሙ ነው።

ግፊትና ፍሰት ምን ልዩነት አላቸው?

ሁለቱ ቃላት ስለሚቀላቀሉ ብዙ የተሳሳተ ምርመራ ከዚህ ይጀምራል። ግፊት ውሃው የሚገፋበት ኃይል ሲሆን የሚለካውም ባር በሚባል መለኪያ ነው፤ ፍሰት ደግሞ በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው የውሃ መጠን ነው። ከአዳራሽ የሚወጣ ሕዝብ ይታሰብ፤ ከኋላ ያለው ግፊያ ግፊት ነው፣ በአንድ ደቂቃ በሩን የሚያልፈው ሰው ቁጥር ደግሞ ፍሰት ነው። ግፊያው የቱንም ያህል ቢበረታ በሩ ጠባብ ከሆነ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። ወንፊቱ በቆሻሻ በተሞላ ማሽን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃው ሳይፈስ ግፊቱ ቢለካ ምንም ጉድለት አይገኝም፤ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ግን የሚያልፈው ጥቂት ነው። የግፊት መለኪያ ብቻውን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማሽኑ የሚያስፈልገው ግፊት በመመሪያው ላይ ይጻፋል። ብዙ ማሽኖች ከ0.5 እስከ 10 ባር ይቀበላሉ፤ ዝቅተኛውን ወሰን 0.3 ባር ወይም 1 ባር የሚያደርጉም አሉ። ውሃው ከጣሪያ ላይ ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የ1 ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ገደማ ይሰጣል። ከፍታው የሚለካው በታንከሩ ውስጥ ካለው የውሃ ወለል እስከ ማሽኑ መግቢያ ድረስ ነው። ወለሉ ከማሽኑ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ ውሃው ሲፈስ ደግሞ በቧንቧውና በመታጠፊያዎቹ ላይ ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ከታንከሩ በቅርብ ርቀት ላይ የተተከለ ማሽን ሲንገላታ፣ አንድ ፎቅ ወደ ታች የተተከለው ያው ዓይነት ማሽን ያለ ችግር ሊሞላ ይችላል። ብልሽት በሌለበት ማሽን ላይ ብልሽት መፈለግ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስሌት ካለመሥራት ነው።

ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ በቂ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል፤ ቧንቧው ይዘጋ፤ የመግቢያ ጎማው ከቧንቧው በኩል ይፈታ። ጎማው ውስጥ የቀረ ውሃ መፍሰሱ ስለማይቀር ጨርቅና ሰፋ ያለ ሳህን ማዘጋጀት ይበጃል። ከዚያም 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ተደርጎ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ይከፈትና ባልዲው እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜ ይለካል። በብዙ መመሪያዎች የሚጠቀሰው ልክ በደቂቃ 8 ሊትር ገደማ ነው፤ በዚህ ልክ ባልዲው በ75 ሴኮንድ ይሞላል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ከፈጀ ፍሰቱ በደቂቃ 4 ሊትር ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በሌላ በኩል ከቧንቧው 20 ሊትር በደቂቃ ቢወጣ ማሽኑ በዚያው ልክ አይፈጥንም፤ በቫልቩ ውስጥ ፍሰቱን የሚወስን የላስቲክ ቀለበት ስላለ ማሽኑ ከተወሰነለት በላይ አይወስድም።

ልኬቱ ልብስ በሚታጠብበት ሰዓት ቢወሰድ ይመረጣል። ሌሊት ተጠቃሚው ሲያንስ የሚገኘው ግፊት ጠዋት ላይ ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ ጎማው ተመልሶ ከቧንቧው ጋር ይታሰርና ከማሽኑ በኩል ያለው ጫፉ ተፈትቶ ባልዲው ውስጥ ይገባል፤ ልኬቱም ይደገማል። የሁለቱ ልኬቶች ንጽጽር ከማንኛውም ግምት የተሻለ መረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው ደካማ ከሆነ ችግሩ ከቧንቧው ወይም ከመስመሩ ነው፤ የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ደካማ ከሆነ ችግሩ ያለው ጎማው ላይ ነው፤ ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ ግን ቀጣዩ ተጠርጣሪ በማሽኑ አፍ ላይ ያለችው ወንፊት ናት።

ቧንቧው ራሱ ሲደክምስ? አንዳንዱ ቧንቧ እጀታው ሙሉ በሙሉ ቢዞርም ውስጡ ያለው መዝጊያ ተላቆ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል፤ በግማሽ የተከፈተ ዋና መዝጊያም ተመሳሳይ ውጤት አለው። አቅራቢያው ያለ ሌላ ቧንቧ በኃይል እያፈሰሰ የማሽኑ ቧንቧ ብቻ የሚደክም ከሆነ ለመጠርጠር በቂ ነው።

ወንፊቷ እንዴት ትጸዳለች?

በእኔ ግምት ለዚህ ችግር ከሚሰጡ መፍትሔዎች ሁሉ በትንሹ ድካም ብዙ የሚፈታው ይህ ነው፤ ያም ሆኖ ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ ወንፊቷ አንድም ጊዜ ያልታየችባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ውሃ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ የረጋውን ዝገትና ደለል ቀስቅሶ ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያንን ሁሉ የምትቀበለው ወንፊቷ ናት። በቤቱ ወይም በመንገዱ የቧንቧ ጥገና ከተደረገ በኋላ መዘግየቱ ከጀመረ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት እርሷን ማየት ተገቢ ነው።

ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ጎማው ከማሽኑ ጀርባ በእጅ ይፈታል። ወንፊቷ አብዛኛውን ጊዜ የፕላስቲክ ወይም የብረት ስትሆን መሃሏ ላይ ለመያዣ የተሠራች ትንሽ ጉጥ አላት። በፒንሳ ጉጧን ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ ማጣመም አፏን ይሰብራል። ደለልና ዝገት በሚፈስ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ነጭና ጠንካራ ቅርፊት ከተገኘ ከጠንካራ ውሃ የቀረ የኖራ ክምችት ስለሆነ በብሩሽ ብቻ አይነሳም፤ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ ውህድ ውስጥ ተነክራ ብትቆይ ቅርፊቱ ይሟሟል። በምስማር ወይም በመርፌ መቆርቆር ቀዳዳዎቹን ያሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ወንፊቷ ብትኖርም እንዳለች አይቆጠርም።

«ወንፊቷ ከሆነች የምታስቸግረው ለምን አውጥቼ አልጥላትም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ የማይመከረው ከላይ በተገለጸው የቫልቩ አሠራር ምክንያት ነው። በላስቲክ ሽፋኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ በመሆናቸው አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍናቸዋለች። የመሃሏ ቀዳዳ ከተደፈነች ቫልቩ አይከፈትም፤ የጠርዟ ከተደፈነች ደግሞ ከሽፋኑ በላይ ግፊት ስለማይፈጠር ቫልቩ አይዘጋም። የማይዘጋ ቫልቭ ማለት ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ የሚገባበት ሁኔታ ነው፤ ከዝግታ ይልቅ ጎርፍ የሚያሰጋው ይህ ነው።

ከቧንቧው በኩል ባለው የጎማ ጫፍ ላይም ሁለተኛ ወንፊት ሊኖር ስለሚችል ሁለቱም ጫፎች መታየት አለባቸው። ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ በጎማው ጫፍ ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት መኖሩና አለመሰንጠቁ ይረጋገጥ፤ ማሰሪያው በእጅ እስኪጠብቅ ይዙር፤ ከዚያም ቧንቧው ቀስ ብሎ ተከፍቶ በደረቅ ጨርቅ ዙሪያው ይፈተሽ። ወንፊቷ ከጸዳች ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና የምትሞላ ከሆነ መስመሩ ብዙ ደለል እየሰጠ ነው ማለት ነው፤ ከማሽኑ በፊት ሊጸዳ የሚችል ተለቅ ያለ ማጣሪያ ማስገባት ይረዳል፤ እርሱም ካልታጠበ በተራው ፍሰቱን ያንቃል።

ጎማው ላይ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ጎማው ከኋላ ይታጠፋል፤ ከፊት ለቆመ ሰው ይህ አይታይም። ያረጀ ጎማ ደግሞ ከውጭ ጤናማ መስሎ የውስጥ ሽፋኑ ተልጦ መንገዱን ሊያጠብ ይችላል፤ የባልዲው ሁለተኛ ልኬት የሚያጋልጠው ይህን ነው። ብዙ አምራቾች ጎማውን በ5 ዓመት አንድ ጊዜ መቀየርን የሚመክሩት በዋናነት እንዳይፈነዳ በመስጋት ቢሆንም ለፍሰቱም ይጠቅማል። ጎማውን በሌላ ቀጭን ጎማ ቀጥሎ ማስረዘም ፍሰቱን ይቀንሳል።

ፍሳሽ ሲከሰት ውሃውን በራሱ የሚያግድ የደኅንነት ጎማ የተገጠመላቸው ማሽኖችም አሉ። ጎማው ከቧንቧው በኩል ወፈር ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ካለው ከዚህ ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ቀይ ሆና ከታየች ጎማው ፍሳሽ አግኝቶ ተቆልፏል፤ ይህ የሚጸዳ ሳይሆን የሚቀየር ነው።

ውሃው በአንዳንድ ፕሮግራም ብቻ ከዘገየስ?

ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ፍለጋውን ያጠብባልና። ሁለት መግቢያ ያለው ማሽን ለሞቀ ውሃ አንድ፣ ለቀዝቃዛ አንድ ወንፊትና ቫልቭ አለው። በቀዝቃዛ ፕሮግራም ቶሎ ሞልቶ በሙቅ ከዘገየ መታየት ያለበት የሙቁ መስመር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ጨርሶ ሳይከፈት ይገኛል። አንድ መግቢያ ባለው ማሽን ላይ ደግሞ አንዱ ቫልቭ ሁለት ወይም ሦስት መውጫዎች አሉት፤ ለቅድመ እጥበት፣ ለዋናው እጥበትና ለማለስለሻ። በሁሉም ላይ ከዘገየ ምክንያቱ የጋራ የሆነው መግቢያ ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን የዚያ መውጫ ሽፋን ወይም ጥቅልል ሽቦ ይጠረጠራል።

የሳሙና መሳቢያውም መዘንጋት የለበትም። የዱቄት ሳሙና እየደረቀ ሲጋገር ከመሳቢያው በላይ ያሉትን የውሃ ቀዳዳዎችና ወደ ገንዳው የሚወርደውን መንገድ ይዘጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ውሃው በመሳቢያው ፊት በኩል ይንጠባጠባል ወይም ሳሙናው ሳይታጠብ ይቀራል። መሳቢያውን አውጥቶ በሞቀ ውሃ ማጠብና የላይኛውን ጣሪያ በብሩሽ መፈግፈግ ይበቃል።

ውሃው እየገባ ማሽኑ ግን የማይሞላው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ጥፋተኛው የመግቢያው ሳይሆን የመውጫው ቱቦ ሊሆን ይችላል። የቆሻሻ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ ጫፍ በገንዳው ውስጥ ካለው የውሃ ደረጃ በታች ከተቀመጠ ውሃው ያለ ፓምፕ እርዳታ በራሱ ስቦ ይወጣል። ማሽኑ ይጨምራል፣ ቱቦው ያወጣል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው «በዝግታ የሚሞላ ማሽን» ነው። ቱቦው በማስወገጃው ቧንቧ ውስጥ አየር እስከማያስገባ ድረስ ጠብቆ ሲገባም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ወደ ጎን ለሚከፈቱ ማሽኖች የተለመደው ከፍታ ከመሬት ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ነው። ለማረጋገጥ ማሽኑ ውሃ ከወሰደ በኋላ ለአፍታ አቁሞ በማስወገጃው በኩል የሚፈስ ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ ይበቃል፤ ፓምፑ ሳይሠራ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ።

ቫልቩ ራሱ የሚጠረጠረው መቼ ነው?

ቧንቧው፣ ጎማውና ወንፊቷ ከተጣሩ በኋላ ነው። ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ዝቅ ያለ እምምታ ያሰማል። እምምታው እየተሰማ ውሃው ጥቂት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ ሽፋኑ ደርቋል፣ ቆሽሿል ወይም ተቀድዷል። እምምታው ከሌለ ጥቅልል ሽቦው ተቃጥሎ ወይም ትእዛዙ ከመቆጣጠሪያው ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። በ220 ቮልት የሚሠሩ ቫልቮች ጥቅልል ሽቦ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 5,000 ኦም ያሳያል፤ መለኪያው ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ይህ ልኬት የሚወሰደው ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ብቻ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን ከመክፈት ይልቅ ይህን ክፍል ለባለሙያ ቢተው የተሻለ ነው። የቤቱ ቮልቴጅ በጣም ሲወርድም ማግኔቱ ዘንጉን በሙሉ ስለማያነሳው ደህናው ቫልቭ የተበላሸ ይመስላል።

ግፊቱ ከመነሻው ዝቅተኛ ከሆነስ?

ታንከሩን ከፍ ማድረግ ወይም ማሽኑን ወደ ዝቅተኛ ወለል ማውረድ ከተቻለ ፓምፕ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። ካልተቻለ ውሃው ሲከፈት በራሱ ተነስቶ ሲዘጋ የሚጠፋ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ከታንከሩ ቀጥሎ ይገጠማል። 1 ወይም 2 ባር ለማሽኑ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መግፋት ከቫልቩ የፍሰት መወሰኛ የተነሳ ጊዜ አያተርፍም፣ ጎማውንና መጋጠሚያዎቹን ግን ያስጨንቃል። ፓምፑ ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ በማሽኑ መዝጊያ ላይ የሚኖር ጥቂት ፍሳሽ እንኳ ያለማቋረጥ ስለሚያስነሳው፣ ከመገጠሙ በፊት የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ የማያንጠባጥቡ መሆናቸው መታየት አለበት።